ለስፌት የምትተው ጠብታ

በስፌት ቤቱ ውስጥ የእናት አባት ስሟን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም «እትዬ ሜትር» ነው የሚላት። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ። አንድ ቀን ባንክ ቤት ወረፋ ይዛ ቆማ ሳለ፣ ዘበኛው «እናቴ፣ ማንን ሊለኩ ነው?» ብሎ እስኪያሾፍባት ድረስ አንገቷ ላይ መኖሩን ልብ አላለችውም ነበር።

ሥራዋ ጨርቅ መቁረጥ ነው። ቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ሰማያዊው ጨርቅ ስድስት ድርብ ሆኖ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፣ እሷ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ከዚያ ክንድ በሚያህል መቀስ መስመሩን ይዛ ትወርዳለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖራለች። በልኩ ቆርጣ የጣለችው ጨርቅ ግን የለም፤ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ታስተርፋለች። ለስፌት ነው። ስፌት ጨርቅ ይበላል፣ ይህ የልብስ ሰፊ ሁሉ ደንብ ነው። የእሷ ግን ደንብነቱ ቀርቶ ጠባይ ሆኗል። ሻይ ስትጥድ አንድ ስኒ ውሃ ለስፌት ትጨምራለች። ሐኪም ቤት በስምንት ሰዓት ከቀጠሯት በሰባት ተኩል በሩ ላይ ናት፤ ግማሽ ሰዓቱ ለስፌት የተተወ ነው።

ሕመሙ የጀመራት ከስድስት ዓመት በፊት፣ ትከሻዋ ላይ ነው። መቼም ያን መቀስ ይዞ የሚውል ሰው ትከሻውን ቢያመው ማንም አይደነቅም። ትከሻዋ ግን አንገቷን ጠራ፣ አንገቷ ወገቧን፣ ወገቧ ዳሌዋን፤ በመጨረሻ የማያማት የፀጉሯ ጫፍ ብቻ ሆነ። ጠዋት ስትነሣ ሲቀጠቅጧት ያደሩ ነው የሚመስላት። ደም ሰጠች፣ ራጅ ተነሣች፣ ያልገባችበት የምርመራ ክፍል የለም። ውጤቱ ሁሉ «ንጹሕ ነው» ይላል። ንጹሕ የምትለዋን ቃል የዚያን ጊዜን ያህል ጠልታት አታውቅም። ምንም የለብሽም የተባለ ሰው ሲያቃስት አስመሳይ ይመስላል፤ ስለዚህ ማቃሰቱን ተወችና ጥርሷን ነክሳ ሥራዋን ያዘች።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያቆማት ጥርስ መንከሱ አይደለም፣ ትራማዶል ነው። አንድ ሐኪም ለአሥር ቀን ብሎ አዘዘላት። አሥሩ ቀን ካለቀ እነሆ ሦስት ዓመቱ። መጀመሪያ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነበር፤ ኋላ በቀን ስድስት ደረሰ። ከየት እንደምታመጣው አትጠይቋት። ወረቀት የማይጠይቅ መድኃኒት ቤት በየትም ከተማ አይጠፋም፣ እሷ ሦስቱን ታውቃለች። እንክብሎቹን የምታኖራቸው ቤቷ ባለው የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፎች ሥር ነው፤ የቀኑን ብቻ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ትወጣለች።

ይህን ከጎረቤት ብትደብቅ ባልገረመን ነበር። የደበቀችው ግን አብሯት ከሚኖረው ከታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ከእሷ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። እናታቸው ስታርፍ ገና ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም «እታለም» እያለ ነው የሚጠራት። ከአምስት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ ለአጥንቱ የተሰጠው ማስታገሻ ግን አልለቅ አለው። ፒንሳውን ሸጠ፣ መሰርሰሪያውን ሸጠ፣ በመጨረሻ የእሷን ብረት ምጣድ ሳይቀር አውጥቶ ሸጠ። ያን ጊዜ ልብሱን በፌስታል ሰብስባ ደጅ ያስቀመጠችለት እሷው ናት። «ሕመም ነው አትበለኝ፣ ልማድ ነው» ብላዋለች። ይህን ስትል ገና አንድም እንክብል አልቀመሰችም ነበር።

ታክሞ ሲመለስ አንድ ክኒን ይዞ መጣ፤ ስሙ ናልትሬክሶን ይባላል። በየጠዋቱ አንድ ሙሉ፣ ሃምሳ ሚሊግራም ይውጣል። ክኒኑ ማስታገሻው ሰውነት ውስጥ የሚገባበትን በር ይዘጋል፤ በሩ ተዘግቶ ሳለ ሰውዬው ሸፍቶ ትራማዶል ቢወስድ እንኳ ምንም አይሰማውም። እህቱ መልሳ ስታስገባው አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ ክኒኑን ፊቷ እንዲውጥ። ይውጥና አፉን ይከፍታል። «ከፍ» ትለዋለች፣ ምላሱን ከፍ ያደርጋል፣ ሥሩን ታያለች። አርባ ዓመት የሞላው ሰው በየጠዋቱ እንዲህ ለሁለት ዓመት አፉን ከፈተ። ከዚያ እሷ ስፌት ቤት ትሄድና ጨርቁ ከተቆለለበት ጀርባ ቆማ የራሷን ሁለት እንክብል ትውጣለች። ዓይኗን በጨው አጥባ ነው ብንል እንበድላታለን፤ ታፍር ነበር። ማፈሯ ግን በማግሥቱ «ከፍ» ከማለት አላገዳትም።

ዘንድሮ መቀሱ ከእጇ መውደቅ ጀመረ። አንድ ጊዜ ሲወድቅ የእግሯን ጣት ለጥቂት ሳተ። አሠሪዋ ደግ ሴት ናት፤ ትምህርት እስኪከፈት ካልተሻላት ቁልፍ መትከል ላይ እንደምታስቀምጣት በለስላሳ አንደበት ነገረቻት። ቁልፍ መትከል ገና ሥራ ለሚለምዱ የሚሰጥ ሥራ ነው። እትዬ ሜትር የዚያን ዕለት ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

በማግሥቱ አዲስ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ በጣቷ እየተጫነች የሚያማትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀቻትና ለሕመሙ ስም ሰጠችው። ፋይብሮማያልጂያ አለችው። እትዬ ሜትር ሦስት ጊዜ ሞክራ መጥራት አቃታት፤ ስሙ ራሱ መገጣጠሚያ ያሳምማል ስትል ሁለቱም ሳቁ። ዶክተሯ ነርቮቹ ጉዳት ሳይኖር የሚጮሁበት ሕመም መሆኑን፣ በራጅ የማይታየውም ለዚህ እንደሆነ አስረዳቻት። የሚያምንሽ ሰው ማግኘት ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው፤ እትዬ ሜትር በስድስት ዓመት ውስጥ የዚያን ቀን ያህል ቀሏት አያውቅም። ከዚያ ዶክተሯ የመድኃኒቱን ስም ጠራች።

ናልትሬክሶን። የወንድሟ ክኒን።

«ያ የሱሰኛ መድኃኒት ነው» አለች እትዬ ሜትር፣ ቃሉ ከአፏ አፈትልኮ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ሰውነት ከራሱ ጓዳ የሚያወጣው ማስታገሻ አለው አለቻት። ሙሉው ክኒን ለእሱም በሩን ቀኑን ሙሉ ይዘጋበታል። የክኒኑ አሥረኛ እጅ እንኳ የማትሞላ መጠን ግን በሩን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ትዘጋና ትለቃለች፤ ሰውነትም ያጠረው መስሎት ከጓዳው አብዝቶ ያወጣል። በነርቭ ዙሪያ ያሉና ያለ ምክንያት የሚቆጡ ሕዋሳትንም ታበርዳለች ተብሎ ይታሰባል። ጥናቱ ገና ጥቂት ነው፣ ለሁሉም አይሠራም፣ ሲሠራም በሳምንታት ነው፤ ይህንንም አልደበቀቻትም። በመጨረሻ ብዕሯን አስቀመጠችና ጠየቀቻት።

«አሁን የሚወስዱት ማስታገሻ አለ? ኮዴይን፣ ትራማዶል? በዚህ ላይ ብቻ እንዳይዋሹኝ።»

«ምንም» አለች እትዬ ሜትር።

ለምን እንደዋሸች ኋላ ብዙ አስባበታለች። ሱሰኛ የሚለው ቃል እነሱ ቤት የአንድ ሰው ነበር፤ ለሁለተኛ ሰው ቦታ አልተረፈውም።

ያን ያህል ትንሽ ሆኖ የተሠራ ክኒን በከተማው አልነበረም። መድኃኒት ቤቱ ያለው ፋርማሲስት፣ ቀጭን፣ ንግግሩን የሚደጋግም ሰው፣ መላውን አሳያት። አንዱን ክኒን በሃምሳ ሚሊ ሊትር ውሃ ታሟሟለች፣ ጠርሙሱን ነቅንቃ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አንድ ተኩል ትቀዳለች፣ ትጠጣለች። ከመስመሩ እንዳያልፉ አለ፣ መስመሩ ላይ ቀጥ ይበሉ አለ፣ ደግሞ ከመስመሩ እንዳያልፉ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወንድሟ ለሥራ ወጥቶ ሳለ፣ ወጥ ቤት ቆማ ቀዳች። መስመሩ ላይ አደረሰችና እጇ በራሱ ጊዜ ሁለት ጠብታ ጨመረ። ለስፌት። ጠጣችና ሲሪንጁን አጥባ ሰቀለችው። በዚያን ቀን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አራት እንክብል ወስዳ ነበር።

ሰዓት ሳይሞላ ማዛጋት ጀመረች። አዛጋች፣ አዛጋች፣ መንጋጋዋ እስኪያማት። አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ላብ አጠመቃት፣ ላቡ ሳይደርቅ በረዳት። ከዚያ ሆዷ ተገለበጠ። ስድስት ዓመት የተሸከመችው ሕመም ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ አጥንቷ ውስጥ ገባ። ወንድሟ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ሲገባ ያገኛት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተጣጥፋ ነው።

«ዶክተሯ ያዘዘችልኝ መድኃኒት ነው፣ ያው ያንተው ክኒን» አለችው። «ለስፌት ብዬ ጨምሬበት።»

«ምን ያህል ጨመርሽ?»

«ሁለት ጠብታ።»

ጎንበስ ብሎ ክንዷን አየ፤ ፀጉሩ ቆሟል፣ ቆዳዋ ላባው እንደተነጨ ዶሮ ሆኗል። ዓይኗን አየ። እያየችው ደግማ አዛጋች። ማስታገሻ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል የሚመጣውን ይህን በሽታ እሱ ከውስጥ ሆኖ ያውቀዋል፤ ሐኪም ሊያስረዳው አያስፈልግም። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«እታለም፣ ሁለት ጠብታ እንዲህ አያደርግም። በቀን ስንት ነው የምትወስጂው?»

ልትዋሽ አፏን ከፈተች። አቅሙ አልነበራትም።

«ስድስት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት።»

ሲያሰላ አየችው። ሦስት ዓመት ማለት ምላሱን ያነሣባቸውን ጠዋቶች በሙሉ ይጨምራል። አሁን ይጮሃል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህ እንኳ ደስ ባላት። እሱ ግን ጃኬቱን አወለቀ፣ ባልዲ አመጣ፣ ፊቷን በእርጥብ ፎጣ ጠረገ፣ ታክሲ ጠርቶ ክሊኒክ ወሰዳት። ግሉኮስ ተከሉላት። የሆነውን ሁሉ ለነርሷ የተናገረው እሱ ነው፤ የቱ መድኃኒት፣ ስንት፣ ከስንት ሰዓት በፊት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ የጎን አልጋው እንዳይሰማባት።

ሰኞ ዕለት ዶክተሯ ፊት ፍርጥርጥ አድርጋ ተናገረች። ዶክተሯ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ትራማዶሉን በአንዴ ማቋረጥ አደጋ አለው፤ በስድስት ሳምንት እየቀነሰች ትወርዳለች፣ የሳምንቱን ድርሻ ፋርማሲስቱ ይሰጣታል፣ ከዚያ አሥር ቀን ምንም አትወስድም፣ ትንሿ መድኃኒት የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው ብላ ወሰነች። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረውን እንክብልም እትዬ ሜትር ራሷ ወስዳ ለፋርማሲስቱ አስረከበች።

ያ ሁለት ወር የውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ጊዜ ነበር። ትምህርት ተከፈተ፣ እሷም ቁልፍ መትከል ላይ ተቀመጠች፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሴት ቆመች። አዲሷ የቆረጠችው ኮሌታ ሁሉ ጠባብ ነው፤ እትዬ ሜትር እያየች ቆሽቷ አረረ፣ ግን አፏን ያዘች። ሰው ሲያናግራት ትበሽቃለች። እንባዋ ለምንም ለማንም ይመጣል፤ አንድ ቀን ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ ብሏት አለቀሰች። የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ደግሞ እግሯ አልጋ ላይ አላርፍ አለ፣ ብርድ ልብሱ ከበዳት፣ ሕመሙ ያለ መጋረጃ ቆሞ ጠበቃት። ደከመች። መታመም የደከማት ያህል፣ መዳን መጠበቁ ደግሞ ደከማት።

ወንድሟ አንድም ቀን ስንት ወሰድሽ አላላትም። የሳምንቱ ድርሻ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ተቀምጦ ሳለ፣ ቆጥሮ አያውቅም። እንዲቆጥርባት ትመኝ ነበር። ክሊኒክ ካደረሳት በማግሥቱ እንደ ልማዱ ክኒኑን ውጦ አፉን ከፈተላት፤ «ተው» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያ አልከፈተም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ ነገሩ ግን በሁለቱ መካከል እንደ ቆመ ነበር።

አሥሩ ቀን አልቆ ጠርሙሱን እንደገና ስትበጠብጥ፣ ፋርማሲስቱ ሲሪንጁ ላይ በቀይ እስክርቢቶ መስመር አስምሮላት ነበር። ጨርቅ ሲሆን ለስፌት ይተርፋል፣ እዚህ ግን የሚሰፋ ነገር የለም አላት። መስመሩ ላይ መቆም ለእሷ ትራማዶሉን ከመተው የማያንስ ትግል ሆነባት። ጣቷ የሲሪንጁን ዘንግ አሳልፎ ሊስብ ሲል በሌላ እጇ ትይዘዋለች።

ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ቁልጭ ያለ፣ የማያባራ ሕልም ብቻ ነበር፤ አንድ ጊዜ የመንግሥተ ሰማያትን መጋረጃ ቆርጣ አሳጠረችው። ዶክተሯ ወደ ሦስት፣ ኋላ ወደ አራት ተኩል ከፍ አደረገችላት። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጫማዋን ስታስር አንድ ነገር ልብ አለች፤ ጎንበስ ብላለች፣ ጎንበስ ስትልም አላቃሰተችም። ሳታምነው ፈታችና ደግማ አሰረች። ሕመሙ ሄደ ማለት አይደለም። ከአሥር ስንት ነው ሲሏት ስምንት ትል የነበረችው አሁን አምስት ትላለች፣ በመጥፎ ቀን ስድስት። ትንሿ መድኃኒት ናት ወይስ ትራማዶሉ ከደሟ መውጣቱ? ዶክተሯም አታውቅም፣ ምናልባት ሁለቱም አለች። አሠሪዋ ግን ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ጠባቡ ኮሌታ እሷንም አንገሽግሿት ስለነበር መቀሱን መለሰችላት።

እሑድ ረፋድ ላይ ሁለቱም ወጥ ቤት ተቀምጠው ነበር። እሱ ሙሉውን ክኒን ዋጠ፣ እሷ ከዚያው ክኒን የተበጠበጠውን አራት ተኩል ጠጣች። ልትለው ያሰበችውን ካሁን አሁን እላለሁ እያለች ሦስት ወር አልፏታል።

«ይቅር በለኝ» አለችው። «አፍህን ሳስከፍትህ የኖርኩት እኔ፣ ካንተ የባስኩ ነበርኩ።»

ወንድሟ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አዞረ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«እንክብሎቹን። ቆርቆሮው ውስጥ አይቻቸዋለሁ። ዓመት አልፎታል።»

ስኒውን እያየ ቀጠለ። ከዚያ በፊት አንዳንድ ጠዋት ክኒኑን ሳይውጥ ከላይኛው ድዱ ጋር ያጣብቀው ነበር፤ እሷ የምታየው ከምላሱ ሥር ብቻ ነዋ። በኋላ ይተፋዋል። ቆርቆሮውን የከፈተ ቀን ግን አንድም ሳይነካ ክዳኑን ገጥሞ ወደ ቦታው መለሰው።

«ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ክኒን አላስቀረሁም» አላት። «ያ ነገር እቤት ውስጥ አለ፤ በሩን ካልዘጋሁ አለቀልኝ አልኩ።»

ዓመት ሙሉ፣ የምታድነው መስሏት ጉሮሮውን ስትጠብቅ፣ እሱ ከእሷ ቆርቆሮ ራሱን ሲጠብቅ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ብነግርሽ ምን ትይኝ ነበር?»

ታውቀዋለች። መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ምን ስትበረብር አገኘኸው ነበር የምትለው፣ የእንክብሉንም ነገር በዚያው ታድበሰብሰው ነበር። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ፣ አሁን ግን እውነት ለማወቅ ፈልጋ፣ ጠየቀችው።

«ምን ስትፈልግ ነበር?»

«ቁልፍ» አለ። «የሸሚዜ ቁልፍ ወድቆብኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ስትሠራ ኖራለች። ዘንድሮ ብቻ ለማታውቃቸው ልጆች የተከለችው ቁልፍ በኩንታል ይሰፈራል።

«የቱ ሸሚዝ?»

«ግራጫው። ትቼዋለሁ፣ ከሹራብ ሥር ነው የምለብሰው።»

ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ዳሌዋ ትንሽ ወጋት፣ አልተቀመጠችም።

«አምጣው» አለችው።